ኖራ የተቀባው ቁልቁለት

ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን ነበር፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም.። ወይስ ሐምሌ አምስት? ማክሰኞ መሆኑን አልጠራጠርም፤ በዚያ ዓመት ግን ሁለቱም ማክሰኞ ዋሉ። ሚካኤል ነው የምለው ሊቀ መንበራችን አቶ ውበቱ ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ስለመጡ ነው። በጴጥሮስ ወጳውሎስም ቢሆን ግን ቅዳሴ አለ፤ ነጠላውም ያው ነጠላ ነው። ጥብስ መብላታችንን አስታውሳለሁ፤ ይህም የሚያስረዳኝ የሐዋርያት ፆም መፈታቱን ብቻ ነው። ለማረጋገጥ የማኅበሩን ሪፖርት አገላብጬ ነበር። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አላመንኩትም።

የማልጠራጠረው ሌላ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በዚያ ቀን አርባ ሦስት ሰዎች አረንጓዴ ካናቴራ ለብሰን፣ አንድ ሰው አምስት ዓመት የደከመበትን መንገድ በሁለት ሰዓት ተኩል አፈረስነው። ከዚያም ጥብስ በላን።

ማኅበራችን «አረንጓዴ ዱካ» ይባላል። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያሉ የእግር መንገዶችንና በየመንገዱ ዳር የቀረውን የሀገር በቀል ዛፍ ለመንከባከብ የተቋቋመ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲያ ይላል። ሥራችንን ለማየት የፈለገ ግን ወረቀቱን ትቶ ፎቶውን ይመልከት። በየክረምቱ ችግኝ የምንተክልባቸው ጉድጓዶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም፤ ያምናው ችግኝ ሲደርቅ የዘንድሮውን እዚያው እንተክላለን። አንዳንዶቻችን ችግኙን ከእነላስቲኩ ነው የምንቀብረው። አንድ ጊዜ አንድ አባላችን ለምን እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ሥሩ እንዳይበርደው አለ። ባነር ለመስቀል አርባ ደቂቃ ይፈጅብናል፣ ለመትከል ሃያ። ሃኒ የምትባል የባንክ ሠራተኛ ስልኳን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ እሷ ያላነሣችው ዶማ አልተነሣም ማለት ነው።

እኔ የጽሑፍ ክፍል ኃላፊ ነኝ። በሙያዬ መምህር ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ሥነ ጽሑፍ ነው። ዶማ ለማይሆንለት ሰው ማኅበር ውስጥ ብዕር አይጠፋም።

ያን ማክሰኞ የሄድነው ወደ ቀጋ ምንጭ ነበር። ወደ አማኑኤል ከሚወስደው አስፋልት ወርዶ፣ ቁልቁል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ታች ምንጩ አለ፤ ምንጩን የከበቡ ጥቂት ወይራዎች፣ አንድ ያረጀ ዋንዛና የአጋም ቁጥቋጦ አሉ። ከዚያ ማዶ ያለው መንደር ሕመምተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ የሚወጣው፣ ገበያ የሚሄደው፣ ውሃ የሚቀዳው በዚህ መንገድ ነው። አቶ ውበቱ ይህን መንገድ የመረጡት ከበላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ ለመኪና የቀረበ ሥራ ስለተፈለገ ነው።

በየሃያ እርምጃው መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጡ የድንጋይ ረድፎች ነበሩ። ግማሽ አካላቸው መሬት ውስጥ የገባ፣ በጥንቃቄ የተገጣጠሙ ድንጋዮች ናቸው። አቶ ውበቱ አንዱ አደናቀፋቸው። ቆም ብለው ጫማቸውን አዩ፣ ድንጋዩን አዩ፣ እኛን አዩ። ይህ እንቅፋት ነው አሉ። አርባ ሁለታችን የተማርን ሰዎች ነበርን፤ ድንጋይ ራሱን ችሎ በሰያፍ እንደማይሰለፍ የጠረጠረ አልነበረም። ፈነቀልናቸው። ከዚያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ደረደርናቸው፤ በሁለት ጆንያ ያመጣነውን ኖራም በጥብጠን ቀባናቸው። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ከላይ ሲታይ የወታደር ካምፕ መግቢያ ይመስላል።

ከመንገዱ አፍ ላይ ወይዘሮ አልጣሽ የሚባሉ አሮጊት ጎጆ አለ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ቆዩና አቶ ውበቱን ጠየቋቸው።

«በዓመት በዓል መሬት የምትቆፍሩ፣ ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«እናቴ፣ ልማት ነው» አሉ አቶ ውበቱ።

«ልማትስ በዓል የለውም?»

ሳቅን። ሴትዮዋ አልሳቁም። የእንዳላማውን ድንጋይ ባትነኩት ይሻላችሁ ነበር ብለው ወደ ጎጇቸው ገቡ። ስሙን ሰማሁት። ኖራው እጄ ላይ ነበር፤ መቀባቴን ቀጠልኩ።

እንዳላማውን የማውቀው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አማኑኤል ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ እንቀመጥ ነበር። ሂሳብ እሱ ያሳየኛል፣ ንባብ እኔ አሳየዋለሁ። እኔ የክፍል አለቃ ነበርኩ። መምህሩ ሲወጡ የረባሾችን ስም በወረቀት መመዝገብ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቀን ሦስት ስም ጻፍኩ፤ ወረቀቱ ባዶ ቦታ ስለነበረው አራተኛ ጨመርኩበት። እንዳላማው ያጠፋው ነገር ቢኖር በኋላ ወንበር ቀልድ መሳቁ ነው። በአለንጋ ተገረፈ። በሳምንቱ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያም አልመጣም። ያቆመው በዚያ ምክንያት ነው አልልም። አባቱ ሞተው በሬ የሚጠምድ ሰው ጠፍቶ ነው ይባላል። እኔም ይህን አጥብቄ አምናለሁ፤ ይመቸኛልና።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን በሩቁ ነው የሰማሁት። ከአሥር ዓመት በላይ አረሰ። መሬቱን ለወንድሞቹ ትቶ ደምበጫ ሄደ፤ ፈረስና ጋሪ ገዝቶ ሃያ ዓመት ሰውና እህል አመላለሰ። ሚስት አገባ፣ ተለያዩ። አንድ ክረምት ያለ ፈረስ፣ ያለ ጋሪ፣ ያለ ብዙ ወሬ ተመለሰና ከወይዘሮ አልጣሽ ጓሮ አጠገብ ትንሽ ጎጆ ቀለሰ። ሰው የእርሻ ቀን ሥራ ሲጠራው ይሄዳል። ረቡዕና ዓርብ ግን ለማንም አይሄድም። በእነዚህ ሁለት የፆም ቀናት ጧት አንዳች ሳይቀምስ፣ ዶማና ዲጅኖ ይዞ ወደ ቁልቁለቱ ይወርዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገዱን ሲያበጅ ይውላል። ጎርፍ የሚቀይስ ድንጋይ ይተክላል። ምንጩ ዳር የበቀለ ባሕር ዛፍ ይነቅላል። ለሚያቆጠቁጥ የወይራ ግንድ ፍየል እንዳይደርስበት የእሾህ አጥር ያጥርለታል። መንገደኛ «እግዜር ይስጥህ» ሊለው አፉን ሲከፍት ዶማውን ጥሎ አጋሙ ውስጥ ይገባል። የማያውቀው ሰው ሊሸና ነው ብሎ ፊቱን ያዞርለታል።

ይህን ሁሉ የዚያኑ ዕለት፣ ሌሎቹ ሲሄዱ የነገሩኝ ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። የነገሩኝም ጎረቤት ለማማት አይደለም፤ የከተማ ሰው አፍ ስላስፈራቸው ነው። ነገሩ ቀኖና ነው አሉኝ። የንስሐ አባቱ ሰባት ዓመት መንገድ አብጅ ብለውታል፤ ነገር ግን ሰው ሳያመሰግነው፣ ቀኝ እጁ የሚያደርገውን ግራው ሳያውቅ። ከተመሰገነበት ዋጋውን በምድር ተቀብሏልና እንዳልሠራ ይቆጠራል። መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው አያነሣውም። ጥፋቱ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እሱን እግዜርና ቄሱ ያውቁታል» አሉ። «እዚህ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከከተማ ካልመጣ በቀር።»

በማግሥቱ ረቡዕ ብቻዬን ወደ ቁልቁለቱ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ምናልባት እንዳይመጣ ተመኝቼ ይሆናል። እንዳላማው ከነጫጮቹ ድንጋዮች አንዱ ላይ ተቀምጧል፤ ኖራው ሱሪው ላይ ታትሟል። ከአርባ ዓመት በኋላ ፊት ለፊት ስንገናኝ ሰላምታ አላስቀደመም።

«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ምነው?»

«መቃብር በኖራ ለስናችኋላ።»

እንግዳ ሊመጣ ስለሆነ ነው አልኩት።

«ውሃስ? ውሃ አይመጣም?»

ዲጅኖውን ይዞ ተነሣና፣ እንደ ድሮው ሂሳብ ሊያሳየኝ እንደፈለገ ሁሉ፣ መሬቱ ላይ መስመር አሰመረልኝ። ድንጋዩ በሰያፍ ሲቆም ጎርፉን ወደ ሣሩ ያወጣዋል፤ በግራና በቀኝ ስትደረድረው ግን ውሃውን መሀል ላይ አስረህ ቦይ ሠራህለት ማለት ነው። «ውሃ እንግዳ ነው» አለ፤ «መውጫውን ካላሳየኸው እዚያው ያድራል።» በቁጣ አልነበረም የሚናገረው። ከቁጣ ይልቅ ንቀት ነበረው፤ ንቀቱም ድካም ያለበት፣ ከልጅ ጋር እንደማይከራከር ሰው ያለ ንቀት ነበር።

ከዚያ ካናቴራዬን አየ። በማግሥቱም ያንኑ ለብሼ ነበር።

«የምትጽፈው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«ዛሬም ስም ትመዘግባለህ?»

ሳቀ። የልጅነት ሳቁ ነው፤ አልተለወጠም። እኔ ልስቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በአካባቢው ግን ከወይራው በቀር የሚሰማ አልነበረም።

«የእኔን አታግባው። የቀረኝ ሁለት ዓመት አይሞላም።»

ስምህ በእኔ ብዕር አይነሣም አልኩት። እጄን ከፍ አድርጌ ነው የማልኩት። በጠዋት ፀሐይ መሐላ ቀላል ነው።

ነሐሴ ሲጋመስ ውሃው የተባለውን አደረገ። በሁለቱ ነጭ ረድፎች መሀል ገብቶ፣ መጀመሪያ አፈሩን ላሰ፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ ወደ ታች መቆፈር ጀመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መንገዱ እስከ ጉልበት፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ ጭን የሚደርስ ቦረቦር ሆነ። ነጫጮቹ ድንጋዮች ግን ጎርፉን ግራና ቀኝ አጅበው ሰልፋቸውን ሳያዛንፉ ቆመዋል። ሃኒ ፎቶ አላነሣችም። ወይዘሮ አልጣሽ ጀሪካን አዝለው ሲወጡ ወድቀው የግራ እጃቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላቸው። ማኅበራችን ስብሰባ ተቀመጠ፤ የአየር ንብረት ለውጥ የሚል ቃል በቃለ ጉባኤው ውስጥ ገባ። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እንዳላማው መንገዱን እንደገና ጀመረው። ሦስት ረቡዕ አብሬው ድንጋይ ተሸከምኩ፤ በጎነት እንዳይመስላችሁ፣ የኅሊና ነገር ነው። እሱ ይተክላል፣ እኔ አቀብላለሁ። ኖራው በዝናብ ቢታጠብም ከድንጋዩ ጎድጓዳ ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ ነጩን ፊት ወደ መሬት አድርጎ ይቀብረዋል። ሦስቱንም ቀን ብዙ አልተነጋገርንም። መጨረሻ ላይ ግን «አንተ ዝም ስትል ደህና ሰው ነህ» አለኝ። እንደዚያ ያለ ምስጋና ከማንም አግኝቼ አላውቅም። ይዤው መኖር ነበረብኝ።

መስከረም ላይ አቶ ውበቱ በመኪና ሲያልፉ መንገዱ መዳኑን አዩ። የማኅበሩ ሥራ ፍሬ አፈራ አሉ። እንግዳውም ለጥቅምት ተቀጥሮ ስለነበር፣ የሚሸለም አንድ ተምሳሌት በጎ ፈቃደኛ ያስፈልጋል ተባለ። ከአባላቱ መካከል ቢፈለግ ሁሉም ሌላው እንዳይሸለም ተከራከረ። በመጨረሻ ስለ አካባቢው ሰው አንድ ጥሩ ጽሑፍ ይነበብና ይበቃል ተብሎ ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ስም ሳልጠራ እጽፋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ አምስት ጊዜ ገለበጥኩት። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ «ከቀጋ ምንጭ በላይ፣ ዶማውን በፆም ቀን ብቻ የሚያነሣ፣ ምስጋና ሲመጣ አጋም ውስጥ የሚደበቅ አንድ ሰው አለ።» ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙን ብቻ ትቼ ሰውየውን እንዳለ ማስቀመጤ አልታየኝም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ማረሻ የያዘ ሰው አይሠራም፤ ለዚህ ዲግሪ ያስፈልጋል።

የዝግጅቱ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ። ከየቤቱ አንድ ሰው ይውጣ ተብሎ ስለታዘዘ መንደሩ ሁሉ ነበር። እንዳላማውም የወይዘሮ አልጣሽን የተሰበረ ክንድ ደግፎ ከኋላ ቆሟል። ጽሑፉን አቶ ውበቱ አነበቡት። አጋሙ ላይ ሲደርሱ መንደሩ ሳቀ። ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲሰማ የሚስቀው ሳቅ ነው። ወዲያው ግን የሳቀው ሁሉ አፉን በነጠላው ያዘ፤ ምን እንደሆነ ገብቶታልና። ያልገባን እኛ ነን። ጭንቅላቶች ሁሉ ወደ ኋላ ዞረው ነበር፤ አቶ ውበቱም ጭንቅላቶቹን ተከትለው ሰውየውን አገኙት።

«እሱ ነው? ና ወንድሜ፣ አትፈር!»

ካናቴራ የለበሱ ሁለት ወጣቶች በብብቱ ይዘው አመጡት። ሊመለስ ሞከረ፤ ትሕትና መሰላቸውና አጥብቀው ያዙት። እንግዳው እጁን ጨበጡት። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ከእኛ ሴቶች መካከል እልልታ ተነሣ። ከመንደሩ ሴቶች አንዷም እልል አላለችም። ሽልማቱ አንድ ጃንጥላና በመስተዋት የሚገባ የምስክር ወረቀት ነበር። ተሸላሚው አስቀድሞ ስላልታወቀ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። አቶ ውበቱ ወረቀቱንና ወፍራም ብዕር ይዘው ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ ጽሕፈትህ ያምራል። ስሙን ሙላበት።»

ወረቀቱ ባዶ ቦታ ነበረው። እንዳላማው ከፊቴ ቆሟል። ስሙን ሳልጽፍ ብዕሩን ብጥለው ምን ይከተል እንደነበረ ዛሬም አስባለሁ። ምንም አይከተልም ነበር። አቶ ውበቱ ይቆጡ ነበር፣ ያ ብቻ። ጻፍኩት። ፊደሉ ያምራል።

ሲቀበለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ቃል፣

«አምስት ዓመት ከአራት ወር ነበር» አለ።

ድምፅ ማጉያው ወደ አፉ ተጠጋ። ደስታ አፉን ያዘው አሉ አቶ ውበቱ፤ እንደገና ተጨበጨበ። ሃኒ የያኔውን ፎቶ በማግሥቱ ለጠፈችው። እንዳላማው በፎቶው ውስጥ የሚያየው ካሜራውን አይደለም፤ የሚያየው ብዕሩን ነው። ከሦስት መቶ በላይ ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ጽፎለታል። በምድር ከሚቀበለው ዋጋ አንድም አልቀረበትም ማለት ነው።

ዓርብ ጧት በባጃጅ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ሳዘጋጅ ነበር። ሥራህ ፈርሷል፣ ከሀ ጀምር ያሉህ አባ ናቸው ወይስ ራስህ ነህ? አባ ካልሆኑ አብረን እንሂድና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እኔው ልንገራቸው፤ ምስጋናውን አልፈለገውም፣ ተይዞ ነው የተመሰገነው ልበላቸው። በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እንደ ልማዴ ቃላቱንም አሳምሬያቸው ነበር።

ወይዘሮ አልጣሽ በራቸው ላይ ናቸው። ጃንጥላው አጠገባቸው ተጋድሟል። የምስክር ወረቀቱ ከእነመስተዋቱ የዶሮ ቤት በር ሆኗል፤ እኔ ከጻፍኩት ስም በላይ አንዲት ዶሮ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። እንዳላማው ወዴት ነው ብዬ ሳልጨርስ በአገጫቸው ወደ አስፋልቱ አመለከቱኝ። ወደ ጉንደ ወይን ሊያልፍ ነው አሉኝ፤ እዚያ በገደል የሚወርድ የምንጭ መንገድ አለ፣ እሱን የሚያውቀውም ሰው የለም።

«እንደገና ሰባቱን ዓመት?» አልኳቸው።

«ስንቱን ሊሆን ነው ታዲያ?» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እንዳላማው አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። አንድ እስር ልብስ፣ ዶማውና ዲጅኖው። አልተቆጣም። ሰላም አለኝ እንኳ፤ በዚህ ጊዜ ሰላምታውን አስቀደመ። አፌን ሳልከፍት ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ተናገረ።

«ከላይ ስድስተኛው ረድፍ ላይ፣ መሀለኛው ድንጋይ ልል ነው። ከበልጉ ዝናብ በፊት አጥብቀው።»

«እሺ» አልኩ።

«ለማንም ሳታወራ።»

እሺ ልለው ነበር፤ ጥያቄዬንም ከዚያው አያይዤ ልጠይቀው። ከአማኑኤል የሚመጣ ሚኒባስ ደርሶ ቆመ። ረዳቱ ዲጅኖው ረዘመ ብሎ ተነጫነጨ፣ ከጣሪያው ላይ አሰረው፣ ግባ ግባ አለ። እንዳላማው ጎንበስ ብሎ ገባና ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። በሩ ተንሸራቶ ተዘጋ። በመስተዋቱ በኩል ሲያየኝ ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር፤ ምስጋና ልናገር መስሎት ይሁን እንጃ፣ ፊቱን በፍጥነት ወደ ሌላው ጎን አዞረ። መኪናው ሄደ።